ገና ያልወጣ ጌም እንዴት ይተዋወቃል? ከጅማ ሲታይ

ጅማ ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገቡ፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ታገኟቸዋላችሁ። የሚያዩት በቴሌግራም የደረሳቸውን የአዲስ ጌም ትሬለር፣ ማለትም አጭር የማስታወቂያ ቪዲዮ፣ ነው። ቪዲዮው በብዙ እጅ አልፎ ስለመጣ ደብዝዟል፤ ከስክሪኑ ግርጌ ያሉት ደቃቅ ነጭ ፊደላት አይነበቡም። ምስሉ ከጌሙ ከራሱ ተቀድቶ ይሁን ወይም ለማስታወቂያ ተብሎ የተሠራ አኒሜሽን ይሁን የሚነግሩት ግን እነዚያ ፊደላት ናቸው።

ለብዙ ዓመታት ኩባንያዎች አዲስ ሥራቸውን ይዘው የሚቀርቡበት ትልቁ መድረክ ኢ3 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ሎስ አንጀለስ ላይ የተጀመረው ይህ ዓውደ ርዕይ በዋናነት ለነጋዴዎችና ለጋዜጠኞች የታሰበ ነበር። በ2011 የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ «ኒንቴንዶ ዳይሬክት» ብሎ አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ በቀጥታ ለተጫዋቹ ማቅረብ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። በዚህ መንገድ ኩባንያው ቀኑን ራሱ ይቆርጣል፣ በተፎካካሪ ወሬ አይዋጥም፣ የሚታየውንም ምስል አንድ በአንድ ይመርጣል። ኢ3 በ2023 መጨረሻ ላይ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። ለጅማ ልጅ ይህ ለውጥ ጥሩ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀምር የሰኔ ዝግጅት እዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ቢሆንም፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ከማንም እኩል ያየዋል።

አስቸጋሪው ነገር በሚታየውና በሚሸጠው መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ2005 ኢ3 ላይ የታየው የ«ኪልዞን 2» ቪዲዮ ብዙዎች እውነተኛ ጨዋታ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን አስቀድሞ የተሠራ አኒሜሽን መሆኑ ታወቀ። «ሳይበርፐንክ 2077» የመጀመሪያ ትሬለሩ በ2013 መጀመሪያ ታይቶ የወጣው በታኅሣሥ 2020 ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በጣም ስለተበላሸ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ ለወራት አነሳው። በተቃራኒው «ፎልአውት 4» በሰኔ 2015 ተዋውቆ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወጣ። «ኤፔክስ ሌጀንድስ» ደግሞ በየካቲት 2019 በተነገረበት ቀን ለተጫዋች ተለቀቀ። እኔ ይህን መንገድ አከብራለሁ፤ ተጫዋቹ የሰማውን ወዲያው በእጁ ይፈትነዋል።

እኛ ጋ ግን ጌም ሲባል ኳስ ነው። ስሙ በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሎ ቢቀየርም ዛሬም የሚጠራው «ፊፋ» ተብሎ ነው። ቀድሞ በየዓመቱ ከመውጣቱ በፊት በነፃ የሚሞከር ዴሞ ይለቀቅ ነበር፤ ከ«ፊፋ 21» ጀምሮ ቀረ። ዴሞ ከየትኛውም ትሬለር ይልቅ ሐቀኛ ማስታወቂያ ስለነበር መቅረቱ ያሳዝነኛል። የ«ፊፋ 22» ትሬለር በዋናነት ያስተዋወቀው «ሃይፐርሞሽን» የሚባለውን ቴክኖሎጂ ነበር፤ 22 ተጫዋቾች መቅረጫ ልብስ ለብሰው እውነተኛ ግጥሚያ ተጫውተው ከእንቅስቃሴያቸው የተሠራ ነው። ይህ ግን በፕሌይስቴሽን 4 ላይ አልነበረም። በፕሌይስቴሽን 4 የሚያጫውት ቤት ባለቤት ትሬለሩን አይቶ ሲዲውን ቢገዛ፣ ልጆቹ ጆይስቲኩን ይዘው በመጀመሪያው ግጥሚያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ያ ሩጫ የታለ?»