ዳክትድ ሚኒ ስፕሊት ምንድን ነው? ሴንትራል ኤሲማ አይደለም

ሰሞኑን የሚሸጥ ቤት የሚያስጎበኝ አንድ ልጅ ቪዲዮ አየሁ። ቤቱ እዚሁ አዳማ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን። ሳሎን ገባና ኮርኒሱ ላይ ወዳለች ቀጭን ግሪል እየጠቆመ «ሙሉ ቤቱ ሴንትራል ኤሲ ነው፣ ቤተሰብ!» አለ። ካሜራው በረንዳ ላይ ሲወጣ የውጪው ማሽን ታየ። ባለ አንድ ፋን፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ደረጃ የሚያወጣው ዓይነት። ሴንትራል ማለት አንድ ትልቅ ማሽን በረጅም ዳክት፣ ማለትም በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ ሙሉ ቤቱን ሲያዳርስ ነው፤ ይሄ ሴንትራል አይደለም ወንድሜ። ዳክትድ ሚኒ ስፕሊት ነው።

የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ችግሩ ቪዲዮውን ያየ ሰው በሳምንቱ እኔ ጋ ይደውላል። «ኢንጅነር፣ አንድ ማሽን ኮርኒስ ውስጥ ቅበርልኝና ለሰባቱም ክፍል አዳርስልኝ።» አይደርስም ስል ሥራ የማልችል እመስላለሁ። ሌላው ይመጣል፣ ይቀብራል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲጠና እንደገና እኔ ጋ ይደወላል።

ስፕሊት ኤሲ ምን እንደሆነ አላብራራም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሁሉም ያውቀዋል። ዳክትዱም ያው ነው። ውጪ ኮምፕሬሰር፣ ውስጥ የሚያቀዘቅዘው አካል፣ በመሃል የመዳብ ቱቦ። ልዩነቱ የውስጡ ማሽን ኮርኒስ ውስጥ መደበቁና አየሩን በአጭር ዳክት አሳልፎ በግሪል ማውጣቱ ነው። «አጭር» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ፋን አየር ሲገፋ ዳክቱ፣ ፊልተሩና ግሪሉ ይቋቋሙታል። ፋኑ ምን ያህል ተቃውሞ አሸንፎ አየሩን ማድረስ እንደሚችል በፓስካል ይለካል። ካታሎጉ ላይ «ስታቲክ ፕሬዠር» የሚለው መስመር እሱ ነው። ቀጫጭኖቹ ማሽኖች፣ ማለትም ዝቅ ያለ ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ፓስካል ናቸው። መካከለኞቹ 150 ገደማ ይደርሳሉ። 30 ፓስካል ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ውሃን 3 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡ የምትስቡት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ በዚህች ጉልበት ነው ሰባት ክፍል አዳርስ የሚባለው።

ከቪዲዮው ስር አንዱ «ዋናው ቢቲዩ ነው፣ 24 ሺህ ከገዛህ ያዳርሳል» ብሎ ጽፏል። ይቺን አባባል ነው የማልታገሳት። ቢቲዩ እኮ የማቀዝቀዝ አቅም ነው እንጂ የመግፋት አቅም አይደለም።

በባጃጅ ላስረዳ፤ አዳማ ተቀምጦ በሌላ ማስረዳት ነውር ነው። ቢቲዩ የወንበሩ ብዛት ነው። ፓስካል ደግሞ ሞተሩ ዳገት የሚወጣበት ጉልበት። ባጃጅህ ላይ ሦስት ወንበር ብትጨምር ዳገቱን ይወጣል? እንዲያውም ይብስበታል። ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ) ዳክት ሳይወጠር እንደ አኮርዲዮን ተሸብሽቦ ሲገጠም መንገዱን ኮብልስቶን አደረግከው ማለት ነው። ለቧንቧ ቦታ ለመልቀቅ ብለህ ዳክቱን በክርን ቅርጽ ስታጥፈው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተከልክበት። ያልታጠበ ፊልተር ከኋላ የተጫነ ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው። ደግሞ ነገሩ በቀላል ሂሳብ አይሄድም፤ በዚያው ዳክት እጥፍ አየር ላሳልፍ ካልክ አራት እጥፍ ግፊት ትከፍላለህ።

ባጃጅ ሾፌር ምን ይላል? «እዛ ሰፈር መንገዱ አይመችም፣ አልገባም።» አየርም እንዲሁ ነው። ቅርብ ባለውና በቀለለው ግሪል ይወጣና ሩቁን ክፍል ይተወዋል። ለዚህ ነው የዋናው መኝታ ቤት ግሪል እያፏጨ የልጆቹ ክፍል ላብ በላብ የሚሆነው። ምሳሌው የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ባጃጁ ሲያቅተው ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል፤ አየር ወርዶ የሚገፋልህ የለም።

ይልቅ የሚሆነው ሌላ ነው። በቂ አየር ካላለፈበት የማቀዝቀዣው አካል ከዜሮ በታች ይወርድና በረዶ ይጋግራል። በረዶው የቀረውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ባለቤቱ ጥገና ይጠራል፤ የመጣው ሰው በረዶውን አይቶ «ጋዝ አልቋል» ይላል፣ ይሞላል፣ ይቀበላል። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም! ዝግ ዑደት ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። እርግጥ የጋዝ ማነስም በረዶ ያመጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ፊልተሩና ዳክቱ የሚታየው፣ ቀጥሎ ጋዙ የሚለካው።

ሌላው የሚረሳ ነገር የመመለሻ አየር ነው። ማሽኑ የሚገፋውን ያህል መሳብ አለበት። የመሳቢያው ግሪል ኮሪደር ላይ ከሆነና የመኝታ ቤቱ በር ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ የገባው አየር መውጫ ያጣል። ወይ ከበሩ ስር ክፍተት ይተዋል፣ ወይ ከበሩ በላይ ማሳለፊያ ግሪል ይወጣል። አናጺው በሩን ከወለሉ ጋር አጣብቆ ሠርቶ ሲኮራበት ምን እንደሚሰማኝ አትጠይቁኝ።

ደግሞ ከውጪ ንጹህ አየር አያመጣም። ለብቻው የአየር ማስገቢያ ካልተሠራለት በስተቀር የቤቱን አየር ራሱን ነው እየመለሰ የሚያቀዘቅዘው። ሽሮ ሲንተከተክ መሳቢያው አጠገብ ከሆነ መኝታ ቤታችሁም ሽሮ ሽሮ ይላል።

ከመልቲ ጋርም አታምታቱት። መልቲ ስፕሊት አንድ የውጪ ማሽን ከብዙ የውስጥ ማሽኖች ጋር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሪሞት አለው። ዳክትድ ግን አንድ የውስጥ ማሽን፣ አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። አባት 20፣ ልጅ 25 ቢፈልግ፣ በየክፍሉ አየር የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ካልተገጠመ የሚያስማማቸው ሽማግሌ ብቻ ነው። ሁለቱን አጋብቶ መልቲ ላይ አንድ የዳክት ማሽን መግጠምም ይቻላል። እዚያ ውስጥ አልገባም።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር። አዳማ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሯ ከባህር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቅዝቃዜ የሚሸከመው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ ስላልሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያደርሰው ቅዝቃዜ ያንሳል። ካታሎጉ ግን በባህር ወለል ሂሳብ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ዳክቱን ጠበብ ሳይሆን ሰፋ አድርጉት። ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን የፋኑን ፓስካል አሟጦ የሚጠቀም ዳክትም አትሥሩ።

ነፋሱም አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ አዳማ 1 እና አዳማ 2 ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። የውጪውን ማሽን ፋን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ከሰቀላችሁት ሙቀቱን ሊያስወጣ ሲታገል ነፋሱ መልሶ ይደፍንበታል። አቧራው ደግሞ ፊልተሩን ይበላዋል። ስለዚህ ከውስጡ ማሽን ስር ኮርኒሱ ላይ የሚከፈት በር ይተው። ጂፕሰም ሠሪው «ያምራል» ብሎ ሙሉ በሙሉ የዘጋውን ኮርኒስ በመጋዝ የቀደድኩበት ቀን ብዙ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያም አይረሳ። በ14 ዲግሪ ገደማ ከማሽኑ የወጣ አየር እኩለ ቀን ላይ ምድጃ በሆነ ጣሪያ ስር ረጅም መንገድ ሲሄድ ግማሽ ልቡ እዚያው ይቀልጣል። ዳክቱ ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚከላከል ሽፋን) ያስፈልገዋል፣ መገጣጠሚያው በደንብ መታሸግ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ማጠር አለበት። የውሃ መውረጃ ቱቦውም በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ዘቅዘቅ ማድረጊያ ከሌለ ፓምፕ። አለበለዚያ የጂፕሰሙ ቡናማ ካርታ የት እንደሚሳል እኔ ካሁኑ ልንገራችሁ።

ታዲያ መቼ ይሻላል? ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ቤቶች አንድ ኮሪደር ዙሪያ ከተሰበሰቡ፣ በአንድ ሰዓት የሚተኙ ሰዎች ካሉባቸው፣ ኮርኒሱም ማሽኑን የሚሸከም ቦታ ካለው ዳክትድ የመሰለ የለም። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ግድግዳ ላይ ነገር አይንጠለጠልም። ሳሎኑ በአንድ ጫፍ፣ መኝታው በሌላ ጫፍ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ሻጩን ስንት ቢቲዩ ነው ብቻ አትበሉት። «የጻፍከው የአየር መጠን በስንት ፓስካል ነው?» በሉት። አንዱ ጋ ይህን ብጠይቅ «ፓስካሉ ለብቻው ይታዘዛል» ብሎኛል።

ሰባት ግሪል የጠየቁኝ ደንበኛ፣ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ሦስቱን መኝታ ቤቶች ከኮሪደሩ በላይ በተቀመጠ ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ መካከለኛ ግፊት ዳክትድ ያዝኳቸው። ረጅሙ ዳክት 4 ሜትር አልሞላም። ሳሎኑ ላይ ተራውን የግድግዳ ስፕሊት ሰቀልኩ። የቀሩት ክፍሎች መስኮት ይበቃቸዋል፤ ነፋስ በነጻ ነው። ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ግን ሳሎኑ ላይ ያለውን ነጭ ማሽን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ባለፈው ቡና አፍልተውልኝ «ልጄ፣ ከመጋረጃዬ ጋር የሚሄድ ሽፋን ላሰፋለት?» አሉኝ። ስኒውን አስቀምጬ ስለ ፓስካል እንደ አዲስ ጀመርኩ።