የአሜሪካ ባቡር ሠራተኞች የኪስ ሰዓት

አሮጌ የኪስ ሰዓት ሁሉ የባቡር ሰዓት አይደለም። ሰብሳቢዎች በዚህ ስም የሚጠሩት የአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች ለሥራ የተቀበሉትን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ጥብቅ ደንብ ነበረ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው የአሜሪካ መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ከመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ገለል ብሎ ሌላውን ያሳልፋል። ነጂው መቼ ገለል እንደሚል የሚያውቀው በጊዜ ሰሌዳውና በኪሱ ባለው ሰዓት ነው። ያኔ ደግሞ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሰዓት ነበረው። የባቡር ድርጅቶቹ ኅዳር 18 ቀን 1883 ወደ ወጥ የሰዓት ቀጠናዎች ገቡ። ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን ጥሩም ይሁን ርካሽ ጠያቂ አልነበረውም።

በሚያዝያ 1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን አጠገብ የመንገደኛ ባቡርና ፈጣን የፖስታ ባቡር ተጋጩ። እንደሚተረከው የአንዱ ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆሞ እንደገና መሥራት ጀምሮ ነበር። ሰውየው ጊዜ አለኝ ብሎ ቀጠለ፤ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ድርጅቱ የክሊቭላንዱን ጌጣጌጥና ሰዓት ነጋዴ ዌብ ሲ. ቦልን የሰዓት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመ።

ከ1893 ጀምሮ የተስፋፋው ደንብ ዝርዝር ነው። ሰዓቱ ክዳን አልባ ይሁን፤ ቢያንስ 17 ድንጋይ (በማሽኑ ውስጥ ፍትጊያን የሚቀንሱ ጥቃቅን ጠጠሮች) ይኑረው፤ በአምስት አቀማመጥ (ቆሞ፣ ተኝቶና በመሳሰለው) ተፈትኖ የተስተካከለ ይሁን፤ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ አይዛነፍ። ነጭ ገጽ፣ ደማቅ ጥቁር ቁጥር፣ መሙያው በ12 ቁጥር በኩል። ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ ሰዓቱን ለተቆጣጣሪ ያሳያል፤ ልዩነቱ በካርድ ላይ ይጻፍለታል። የሚገዛው ግን ከራሱ ኪስ ነው።

እዚህ ላይ ቦልን ትንሽ ማማት ይቻላል። ደንቡን የሚያወጣውም፣ ሰዓቱን የሚመረምረውም፣ ሰዓቱን የሚሸጠውም እሱ ነው! የሰዓቱን የውስጥ ማሽን ግን እሱ አይሠራም። ከሰዓት አምራቾቹ ከሃሚልተን፣ ከዋልተም፣ ከኤልጂንና ከመሳሰሉት አሠርቶ ስሙን ያትምበታል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ማን ያገኛል?

በማስታወቂያ ግን ሃሚልተንን የሚስተካከል የለም። በ1892 ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ውስጥ የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ራሱን «የባቡር ትክክለኛነት ያለው ሰዓት» ብሎ አስተዋወቀ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጽሔቶች ላይ የእውነተኛ ባቡር ነጂዎችን ፎቶ ከሚነዱት ባቡር ስም ጋር ያወጣ ነበር። የማስታወቂያው ዒላማ ነጂው ብቻ አልነበረም። ባቡር ነድቶ የማያውቅ የባንክ ጸሐፊም በነጂው ሰዓት እንዲቀና ነው የታሰበው። ተሳክቶለታልም። እነዚህ የማስታወቂያ ገጾች ዛሬ ራሳቸው ይሰበሰባሉ።

የባቡር ሰዓት ስም ሲገንን አስመሳዩም በዛ። ርካሽ ሰዓት ቀፎ (ማሽኑን የሚይዘው የውጭ ሽፋን) ላይ የባቡር ሥዕል ቀርጾ መሸጥ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ጀርባው ላይ ጢሱን እያንቦለቦለ የሚሮጥ ባቡር ካዩ ተጠንቀቁ። እውነተኛው የሥራ ሰዓት ብዙ ጊዜ ጀርባው ልሙጥ ነው።

ሰብሳቢ የሚያምነው ማሽኑን ነው። ያኔ ደንበኛው ማሽኑንና ቀፎውን ለየብቻ መርጦ ያስገጥም ስለነበር የቀፎው ቁጥር ስለ ሰዓቱ ዕድሜ አይናገርም። ጀርባውን ከፍቶ ማሽኑ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተሠራበት ዓመት የሚገኘው በዚያ ነው። ገጹ ላይም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ዋጋው ይወርዳል። ከ1 እስከ 60 ያሉት ደቂቃዎች ሁሉ በቁጥር የተጻፉበት፣ ሞንትጎመሪ የሚባለው ገጽ በጣም ይፈለጋል።

ጀማሪን የሚያደናግር ነገርም አለ። መሙያውን ቢስቡት ሰዓቱ አይስተካከልም። የፊቱን መስተዋት ፈትቶ ከጎን ያለችውን ትንሽ ማንሻ መሳብ ያስፈልጋል። ደንቡ ይህን ያመጣው ሰዓቱ ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ እንዳይዛባ ነው።

ለመጀመሪያ ግዢ 992ቢ የሚባለው የሃሚልተን ሞዴል ጥሩ ነው። 21 ድንጋይ አለው፤ ከ1940 እስከ 1969 ስለተሠራም መለዋወጫው አይጠፋም። የቦል ስም ያለበት ግን፣ ውስጡ ያው የሃሚልተን ማሽን ሆኖ እንኳ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል።