ሴኤፍኤ ፍራንክ ምንድን ነው?

ሴኤፍኤ ፍራንክ በ14 የአፍሪካ አገሮች የሚሠራበት ገንዘብ ነው። ሰዉ በአጭሩ "ሴፋ" ይለዋል። ከ14ቱ አገሮች 12ቱ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር የነበሩ ናቸው። የፖርቱጋል የነበረችው ጊኒ ቢሳውና የስፔን የነበረችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ግን በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ገቡበት።

ታሪኩ ከስሙ ይጀምራል። ገንዘቡ የተፈጠረው ዲሴምበር 26 ቀን 1945 ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ያኔ ሦስቱ ፊደላት "የፈረንሳይ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች" ማለት ነበሩ። ግልጽ ነው፣ ምንም አልተሸፋፈነም። በ1960 አብዛኞቹ አገሮች ነጻ ሲወጡ ይህ ስም አሳፋሪ ሆነ። ታዲያ ምን ተደረገ? ፊደላቱ ሳይነኩ ትርጉሙ ተቀየረ። በምዕራብ አፍሪካ "የአፍሪካ የፋይናንስ ማኅበረሰብ"፣ በመካከለኛው አፍሪካ ደግሞ "በመካከለኛው አፍሪካ የፋይናንስ ትብብር" ተባለ። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ሁለቱም ያው ሴኤፍኤ ናቸው።

በነገራችን ላይ "ገንዘቡ" ስል ሁለት ነው። ስምንት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ሴኔጋል፣ ዳካር ያለውን ማዕከላዊ ባንክ ይጋራሉ። ስድስቱ የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ደግሞ ካሜሩን፣ ያውንዴ ያለውን። ዋጋቸው እኩል ነው፣ ግን የዳካሩን ኖት ይዘህ የጋቦን ዋና ከተማ ሊብረቪል ገበያ ብትወጣ ማንም አይቀበልህም። የእኛ ጎረቤት የጅቡቲ ፍራንክም ከዚህ ጋር እንዳይምታታ። ጅቡቲም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ የእሷ ፍራንክ ግን ከ1949 ጀምሮ የተሳሰረው ከአሜሪካ ዶላር ጋር ነው።

የሴፋ ዋናው ነገር ተመኑ ነው። 1 ዩሮ 655.957 ሴፋ ነው። ዩሮ ከመጣበት ከ1999 ጀምሮ ይህ ቁጥር አልተነቃነቀም። ከዚያ በፊት የተሳሰረው ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር ነበር። አገሮቹ የውጭ ምንዛሪ ቢያልቅባቸው እንኳ ሴፋን በዩሮ ለመለወጥ ፈረንሳይ ዋስ ሆና ቆማለች።

ዋስ ግን በነጻ አልቆመም። አገሮቹ ከውጭ ምንዛሪ ክምችታቸው ድርሻ ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነበረባቸው። መጀመሪያ ሙሉውን ማለት ይቻላል፣ ከ1973 በኋላ 65 በመቶውን፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በምዕራቡ በኩል ግማሹን። በማዕከላዊ ባንኮቹ ቦርድ ውስጥም የፈረንሳይ ተወካዮች ይቀመጡ ነበር። ኖቱም ለብዙ ዓመታት የታተመው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሻማሊዬር በምትባል ከተማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ሶሻል ሚዲያ ላይ "ፈረንሳይ የአፍሪካን ገንዘብ በየዓመቱ ትወስዳለች" የሚል ወሬ ይዞራል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የተቀመጠው ገንዘብ የአገሮቹ ነው፣ ወለድም ይከፈልበት ነበር። እውነተኛው ቅሬታ ከዚህ የከበደ ነው፦ ስለ ገንዘብህ የሚወስነው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በጃንዋሪ 1994 ፊት ለፊት መጣ። የአገሮቹ መሪዎች ዳካር ላይ ተሰበሰቡ፣ የፈረንሳይና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሰዎችም ነበሩ። 1 የፈረንሳይ ፍራንክ 50 ሴፋ የነበረው በአንድ ጊዜ 100 ሴፋ ሆነ። አስበው፣ ማታ ተኝተህ ጠዋት ስትነሳ ኪስህ ውስጥ ያለው በግማሽ ወርዷል። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት፣ ዱቄት፣ መለዋወጫ ዋጋው ናረ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ የኖረ ሰው ይህን ስሜት አያጣውም። ልዩነቱ የእኛን ውሳኔ፣ ወደድነውም ጠላነውም፣ ያወጀው የራሳችን ብሔራዊ ባንክ ነው። እዚያ ግን ነዳጅ የምትሸጠው ጋቦንም፣ ጥጥ የምትሸጠው ማሊም እኩል በእኩል አንድ ላይ ወረዱ። የአንዷ ችግር የሌላዋ ይሁን አይሁን አልተለየም።

ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ሴፋ በሚሠራባቸው አገሮች የዋጋ ንረት ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ዝቅ ያለ ነው። የጋናን ሴዲና የናይጄሪያን ናይራ ያየ የአቢጃን (ኮትዲቯር) ነጋዴ "የእኔስ ይሻላል" ቢል አይፈረድበትም። ግን ዩሮ ሲጠነክር ሴፋም አብሮ ይጠነክራል። ያኔ በዶላር ከሚሸጠው የማሊ ጥጥ የሚገኘው ሴፋ ይቀንሳል፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ይረክሳል። እዚያው ለማምረት ከመልፋት ማስመጣት ይቀላል። ለከተማ ሸማች ደህና ነው፣ ለገበሬውና ፋብሪካ ለመክፈት ለሚያስብ ግን ይከብዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

"ታዲያ ለምን አይወጡም?" የሚል ካለ ዋና ከተማዋ ኮናክሪ የሆነችውን የጊኒን ታሪክ ማወቅ አለበት። በ1958 ያኔ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ደ ጎል ቅኝ ግዛቶቹን ከፈረንሳይ ማኅበረሰብ ጋር ለመቀጠል ሕዝበ ውሳኔ አቀረበላቸው። የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ኮናክሪ ላይ፣ ደ ጎል ባለበት፣ "ባርነት ውስጥ ካለ ሀብት ነጻነት ውስጥ ያለ ድህነት ይሻለናል" አለ። ጊኒ ሴፕቴምበር 28 ቀን "አይሆንም" ብላ ድምፅ ሰጠች፣ ኦክቶበር 2 ቀን ነጻ ወጣች። ፈረንሳይ ዕርዳታዋን አቋረጠች፣ ሠራተኞቿን አስወጣች። ጊኒ ማርች 1 ቀን 1960 የራሷን ገንዘብ አወጣች። ከዚያ የፈረንሳይ የስለላ ድርጅት የጊኒን ኖት አስመስሎ አሳትሞ አገሪቱ ውስጥ በተነ። ኢኮኖሚውን ማናጋት ነበር ዓላማው። ሐሜት አይደለም፤ በድርጅቱ ውስጥ የአፍሪካ ኃላፊ የነበረው ሞሪስ ሮቤር ራሱ በኋላ ተናግሮታል። የሴኩ ቱሬ አገዛዝም በበኩሉ ሕዝቡን ክፉኛ አሰቃይቷል፣ የጊኒን ድህነት ሁሉ በፈረንሳይ ላይ መጫን አይቻልም። ጎረቤቶቿ ግን ያዩት አንድ ነገር ነው፦ የወጣ ምን እንደሚደርስበት።

ማሊም በ1962 ወጥታ ነበር። ገንዘቧ አልቆመላትም፣ በ1984 ተመለሰች። ሞሪታኒያና ማዳጋስካር ግን በ1973 ወጥተው ቀሩ።

ዲሴምበር 2019 ላይ ማክሮንና የኮትዲቯሩ ፕሬዚዳንት ዋታራ አቢጃን ላይ ማሻሻያ አወጁ። ፓሪስ ክምችት የማስቀመጥ ግዴታ ይቅር፣ የፈረንሳይ ተወካዮች ከቦርዱ ይውጡ፣ ስሙም "ኢኮ" ይሁን ተባለ። ማሻሻያው የምዕራቡን ብቻ ነው የነካው። ተመኑና የፈረንሳይ ዋስትና ባሉበት ቆዩ፣ ስሙም በተግባር አልተቀየረም።

ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይን ጦር አስወጥተዋል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ከኤኮዋስ ወጡ። ከሴፋ ግን አልወጡም። ወታደሩ በወራት ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፣ የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ገበያ ላይ ግን ሽንኩርት የሚገዛው አሁንም በዚያው በ1945 በተፈጠረው ገንዘብ ነው።