«ፍላኮን አስታውስ!» ለሚሉኝ ሁሉ፦ ስለ አንጋፋ ተጠባባቂ ኳርተርባኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ፉትቦል የውድድር ዘመን የሚከፈተው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ መስቀል ሳይደርስም የአንዱ ቡድን ቋሚ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ይጎዳና ጢሙ ሸበት ያለ ተጠባባቂ ወደ ሜዳ ይገባል። ያን ቀን ስልኬ እረፍት የለውም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምንኖር ዘመዳሞችና ጓደኛሞች የምንጫወተውን፣ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምንወዳደርበትን የ12 ሰው ፋንታሲ ሊግ ከአሥር ዓመት በላይ ስላስተዳደርኩ ምክር የሚጠየቀው ከእኔ ነው፤ ነገሩ መጠየቅ አይባልም እንጂ፣ ምክንያቱም ደዋዩ «ተጠባባቂውን ልያዘው?» እያለ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ፍላኮን አስታውስ!» በ2023 ከቤቱ ተጠርቶ ያበራውን አንጋፋ ኳርተርባክ ጆ ፍላኮን ማለቱ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት በየዓመቱ በስልክ የምደግመውን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ነጥቡም በተለመደው ስሌት፣ ማለትም ለ25 ያርድ ቅብብል 1 ነጥብ፣ ለአንድ የቅብብል ተችዳውን (ኳሱን ከተቃራኒው ሜዳ መጨረሻ አድርሶ ማስቆጠር) 4 ነጥብ፣ ኳሱ በተቃራኒ እጅ ሲገባ (ኢንተርሴፕሽን) ደግሞ 2 ነጥብ ቅናሽ በሚል የተሰላ ነው።

«ተጠባባቂ ኳርተርባክ እንደ ፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ ርካሽ በረኛ ነው፤ ይዞ ማስቀመጥ አይጎዳም።»

ይጎዳል። በእንግሊዙ ጨዋታ 15 ተጫዋች መያዝ ግዴታ ስለሆነና ከእነሱም ሁለቱ በረኞች መሆን ስላለባቸው፣ የማይሰለፍ በረኛ በ4.0 ሚሊዮን ገዝቶ የተረፈውን ለአጥቂ ማዋል ብልህነት ነው። እኛ በምንጫወተው ተራ በተራ በሚመረጥበት ድራፍት ግን የሚቆጠብ ገንዘብ የለም፤ ገንዘቡ ራሱ ወንበሩ፣ ማለትም በቡድናችን ውስጥ ያለን የተጫዋች ቦታ ነው። በኤን ኤፍ ኤል (በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) 32 ቡድኖች አሉ፤ 12 ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ኳርተርባክ ብናሰልፍ 20 ቋሚ ተሰላፊዎች ትርፍ ሆነው ይቀራሉ። ሃያ ቋሚ ተሰላፊ ተርፎ እያለ የሰው ተጠባባቂ ይዞ የተቀመጠ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሁለተኛ ኳርተርባክ ማሰለፍ በሚፈቀድበት በሱፐርፍሌክስ ሊግ ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ እስከ 24 ኳርተርባኮች ስለሚሰለፉ፣ ጉዳት ከሚያዘወትር ቋሚ ተጫዋች ኋላ ያለ ተጠባባቂ ወንበር ይገባዋል።

«ልምድ ያለው ከወጣቱ ይሻላል።»

ለአሰልጣኙ ሊሻል ይችላል። በፋንታሲ ግን ሮጦ የተገኘ እያንዳንዱ 10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ሮጦ የተቆጠረ ተችዳውንም 6 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ 60 ያርድ የሚሮጥ ልምድ የለሽ ወጣት ገና አንድ ኳስ ሳይወረውር የአንጋፋውን 150 ያርድ ቅብብል አግኝቷል ማለት ነው።

«ፍላኮን አስታውስ!»

ይህ ነው ጨጓራዬን የሚልጠው። እንዴት እንደጀመረ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2023 የክሊቭላንድ ብራውንስ ቋሚ ኳርተርባክ ዴሾን ዋትሰን በትከሻ ጉዳት ከውድድር ሲወጣ፣ ቡድኑ በኅዳር ወር ያለ ክለብ ቤቱ ተቀምጦ የነበረውን የ38 ዓመቱን ጆ ፍላኮን ጠራው። ፍላኮ ከአሥር ዓመት በፊት ለባልቲሞር ሬቨንስ ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ የተባለ ሰው ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ የሚያስታውሰው አልነበረም። አምስት ጨዋታ ተሰለፈ፣ አራቱን አሸነፈ፤ 1,616 ያርድ፣ 13 ተችዳውን፣ 8 ኢንተርሴፕሽን። በአማካይ በየጨዋታው 20 ነጥብ ገደማ ነው። የእኛን ሊግ ብትጠይቁ፣ ማንም ያልፈለገውን ፍላኮን ያነሳው የአክስቴ ልጅ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ከግማሽ ፍጻሜ አባረረኝ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ፣ «ጋሼ፣ ፍላኮ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ታሪኩ እውነት ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከታሪኩ በሚወሰደው ትምህርት ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ፍላኮ 374፣ 368 እና 309 ያርድ የወረወረባቸው ሦስቱ ጨዋታዎች የዋሉት በ15ኛው፣ በ16ኛውና በ17ኛው ሳምንት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ የአብዛኞቹ ፋንታሲ ሊጎች የጥሎ ማለፍ ሳምንታት ናቸው። ያው ሰው ያንኑ ነጥብ በጥቅምት ቢያመጣ ኖሮ ዛሬ የሚያነሳው ባልኖረ። ጥቅምት ላይ የበሉትን ማን ያስታውሳል፣ የበዓሉን ዶሮ ነው እንጂ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግረን የለም። ብራውንስ በጥር ወር በጥሎ ማለፉ ሂውስተን ላይ 45 ለ 14 ሲሸነፍ ፍላኮ የወረወራቸውን ሁለት ኳሶች ተቃራኒዎቹ ይዘው ሮጠው ተችዳውን አደረጓቸው። በ2024 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሄዶ ጃክሰንቪል ላይ 359 ያርድና 3 ተችዳውን ሲያስመዘግብ ስልኬ ዳግመኛ ጮኸ፤ የአክስቴ ልጅ አንድ ተስፋ ያለው ወጣት ሯጭ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) አሰናብቶ ፍላኮን ያዘ። ከወር በኋላ ፍላኮ በቡፋሎ ቢልስ ላይ ሦስት ኢንተርሴፕሽን ወርውሮ ቦታውን ለወጣቱ አንቶኒ ሪቻርድሰን መለሰ። ሯጩም በሌላ ሰው እጅ ሊጉን አሸነፈ። እኔ ስመክር አልሰማም ያለ ሰው ነው፤ አላዘንኩለትም።

ሦስተኛውና ዋናው ማስረጃ የመጣው በ2025 ነው። አርባ ዓመት የሞላው ፍላኮ በብራውንስ ቋሚ ሆኖ ጀመረና በአራት ጨዋታ 2 ተችዳውን ብቻ አስመዝግቦ 6 ኢንተርሴፕሽን ወረወረ። ቦታውን ከተነጠቀ በኋላ፣ ቋሚው ኳርተርባክ ጆ በሮው በእግር ጣቱ ጉዳት ለወጣበት ለሲንሲናቲ ቤንግልስ ጥቅምት ላይ ተላለፈ። እዚያ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፒትስበርግ ስቲለርስን ሲያሸንፉ 342 ያርድና 3 ተችዳውን አስመዘገበ፤ ተቀባዩ ጃማር ቼዝ ብቻውን 16 ኳስ ያዘለት። ኅዳር መግቢያ ላይ ደግሞ በቺካጎ ቤርስ ላይ 470 ያርድና 4 ተችዳውን ወርውሮ 47 ለ 42 ተሸነፈ። ክንዱ ያው ክንድ ነው፣ ዕድሜውም ያው አርባ፣ ወቅቱም ያው መኸር፤ የተለወጠው ኳሱን የሚቀበሉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንጋፋ ተጠባባቂ ሲገባ መታየት ያለበት የእሱ የሕይወት ታሪክ ሳይሆን ቼዝና ቲ ሂጊንስን የመሰለ ተቀባይ አለው ወይ፣ ኳስ ለመወርወር ሦስት ሰከንድ የሚያቆይለት የጠባቂዎች መስመር ከፊቱ ቆሟል ወይ የሚለው ነው። ይህን ሳያዩ «ፍላኮን አስታውስ» ማለት ሎተሪ የደረሰውን ጎረቤት አይቶ ሥራ እንደ መልቀቅ ነው።

«ዋናው ኳርተርባክ ከተጎዳ ተቀባዮቹን ቶሎ ሽጥ።»

ይህን ምክር የሰጠ ሰው በ2023 አማሪ ኩፐርን አስሽጧል ማለት ነው። ኩፐር በዚያው የገና ዋዜማ ከፍላኮ 265 ያርድ ተቀብሎ የብራውንስን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ክለብ የገባው ጄሚስ ዊንስተን በዴንቨር ብሮንኮስ ላይ 497 ያርድ ሲወረውር ጄሪ ጁዲ 235ቱን ያዘ። ክለቡ ተሸነፈ፤ ዊንስተን ሦስት ኢንተርሴፕሽን ወርውሮ ነበርና። አንጋፋ ተጠባባቂ መሸሽ ስለማይችልና የሚያጣው የወደፊት ዕድል ስለሌለው ኳሱን ወደ ኮከቡ ተቀባይ አብዝቶ ይልካል፤ እኔም ብዙውን ጊዜ የምገዛው ኳርተርባኩን ሳይሆን ባለቤቱ ደንግጦ በርካሽ የሚለቀውን ተቀባይ ነው።

«ተጠባባቂ ካበራ ቡድኑ የእሱ ይሆናል።»

ኒክ ፎልስ በ2018 የካቲት ወር ለፊላደልፊያ ኢግልስ ሱፐር ቦውል አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ሆነ፤ 373 ያርድ ወርውሮ አንድ ተችዳውንም ራሱ ተቀበለ። ከዓመት በኋላ ጃክሰንቪል ጃጓርስ የ4 ዓመት የ88 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። በመጀመሪያው ጨዋታ ከትከሻው እስከ ደረቱ ያለው አጥንት (ክላቪክል) ተሰበረ፤ በዚያ ክለብ በቋሚነት ከጀመራቸው አራት ጨዋታዎች አንዱንም ሳያሸንፍ ወደ ቺካጎ ተሸኘ። ጆሽ ማክካውን በ2013 ለቤርስ 13 ተችዳውን ሲያስመዘግብ ኢንተርሴፕሽኑ 1 ብቻ ነበር፤ ታምፓ ቤይ ይህን አይቶ ወሰደው፣ ከ11 ጨዋታም አንድ አሸነፈለት። እዚያው ታምፓ ቤይ ራያን ፊትዝፓትሪክ በ2018 በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ከ400 ያርድ በላይ በመወርወር በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በአራተኛው ጨዋታ እረፍት ላይ ተቀየረ።

«ጂኖ ስሚዝስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስሚዝ ሰባት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ በ2022 ለሲያትል ሲሆክስ 4,282 ያርድና 30 ተችዳውን አስመዝግቧል። ግን ልብ በሉ፤ ቦታውን ያገኘው በክረምቱ ልምምድ ተወዳድሮ ነው እንጂ በሰው ጉዳት ገብቶ አይደለም። ቡድኑ ዕቅዱን በእሱ ላይ ሠርቶ ጀመረ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለእኔም በነሐሴ ድራፍት ላይ ይህ ልዩነት ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል።

«ዕድሜ ልኩን ተጠባባቂ የሆነ የከሸፈ ተጫዋች ነው።»

ኳርተርባኩ ቼስ ዳንኤል በ2009 ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት በኤን ኤፍ ኤል ድራፍት ሳይመረጥ ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆይ በቋሚነት የጀመረው 5 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከደመወዙ ግን ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ክለቦች የከፈሉት ቪዲዮ ቁጭ ብሎ እንዲያጠና፣ ለቋሚው የተቃራኒን አሰላለፍ እንዲያነብለት፣ ለወጣቱም ሥራውን እንዲያስተምር ነው። ይህ ሁሉ በፋንታሲ ዜሮ ነጥብ ነው፤ በሥራ ዓለም ግን ብርቅ ችሎታ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙ አሰልጣኞች የሚወጡትም ለዚህ ነው። በተጫዋችነት ዘመኑ ተጠባባቂ የነበረው ዳግ ፒደርሰን ኢግልስን እያሰለጠነ ሱፐር ቦውል ያሸነፈው በተጠባባቂው በፎልስ ነበር። ማክካውንም በኋላ የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ሆኗል፤ እንዲሁ ተጠባባቂ የነበረው ኬለን ሙር ደግሞ በ2025 የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

«ቋሚ ተብሎ ከጀመረ ዓመቱን ሙሉ አለ።»

ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ሳታዩ ይህን አትበሉ። ታይሮድ ቴይለር በ2018 በብራውንስ ቋሚ ሆኖ ሲጀምር ከኋላው በድራፍቱ አንደኛ የተመረጠው ቤከር ሜይፊልድ ነበር፤ ቴይለር በሦስተኛው ጨዋታ ተጎዳ፣ ሜይፊልድ ገብቶ አሸነፈ፣ ቦታውም አልተመለሰም። በ2020 በቻርጀርስ ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ እንደጀመረ በጉዳት ወጣ፤ ከኋላው የነበረው ስድስተኛ የተመረጠው ጀስቲን ኸርበርት ነበር። እኔ በ2018 ቴይለርን የያዝኩት ለሦስት ሳምንት ብቻ አስቤ ነው፤ በአራተኛው ሳምንት መግቢያ ወንበሩን ባዶ አድርጌ ሌላ ሰው አስቀመጥኩበት።