ሲሼልስ፦ ለተጓዥ የሚሆን መረጃ

ሲሼልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች ያሏት ትንሽ አገር ናት። የብሷ ተደምሮ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የባሕር ክልሏ ግን ከመላው ኢትዮጵያ ይሰፋል። ከ100,000 ጥቂት ከሚበልጠው ሕዝቧ አብዛኛው የሚኖረው ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ባለችበት በማሄ ደሴት ነው። መጀመሪያ ፈረንሳዮች፣ ቀጥሎ እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ እንግሊዞች ገዝተዋታል። ስለዚህም አብዛኞቹ የቦታ ስሞቿ ፈረንሳይኛ ናቸው፣ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ ሰዉ እርስ በርሱ የሚያወራው ደግሞ ከፈረንሳይኛ በተወለደው የክሪዮል ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል እንግዳ አይቸገርም።

ቪዛ የአብዛኛውን አገር ዜጋ አትጠይቅም። ፓስፖርት ብቻ ይበቃል ማለት ግን አይደለም። ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶና ከፍሎ የጉዞ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው፤ የመመለሻ ትኬትና ማረፊያ መያዙን የሚያሳይ ወረቀትም ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን እንዳይረሳ፤ ኢትዮጵያ በሽታው ያሰጋቸዋል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ሲሼልስ ውስጥ ወባ የለም፤ ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፍ ትንኝ ስላለች ግን የሚቀባ መከላከያ መያዝ ደግ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሄ ድረስ ይበራል፣ በረራውም አራት ሰዓት አይሞላም። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

«መቼ ልሂድ?» ለሚለው መልሱ ያለው ነፋሱ ጋ ነው። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ስለሆነ ወር ከወር ብዙ አይለይም። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን ይቆጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ሙቀቱና ዝናቡም ይበረታል። ባሕሩ እንደ ሐይቅ የሚተኛው በሁለቱ መሀል፣ በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ ነው። በአንዲት ደሴት ላይ እንኳ አንዱ ወገን ሲናወጥ ሌላው ጸጥ ይላል። በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት በማሄ ሰሜን ያለው ቦ ቫሎን የተባለው ባሕር ዳርቻ ረጋ ብሎ ይዋኝበታል፤ ላዲግ ደሴት ላይ ያለው የግራንድ አንስ ባሕር ዳርቻ ግን ዋናተኛን ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለበት። ሆቴል ከመያዝ በፊት የትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ የመኝታ ዋጋ ከመከራከር ይቀድማል።

ከማሄ ወደ ፕራላን ደሴት በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ነፋስ ባለበት ወር ሆድ የሚገለብጥ አንድ ሰዓት። ከፕራላን ላዲግ ሩብ ሰዓት ነው። ላዲግ ላይ ሰው ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው፤ ወደቡ አጠገብ ይከራያል። እዚያው ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን በፎቶ የታወቀው ባሕር ዳርቻ ነው። ዝሆን የሚያካክሉ ግራጫ የግራናይት ድንጋዮች ተደርድረው በየመሀላቸው ነጭ አሸዋ አለ። ውሃው ጉልበት አያልፍም። ነገር ግን ባሕሩ ሲሞላ የአሸዋው መተላለፊያ ይሰወራል፤ ጠዋት በደረቅ እግሩ የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን አናቱ ላይ ይዞ ወገቡ ድረስ እየረጠበ ይመለሳል። ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ይነግራሉ።

አገሪቱ ውድ ናት፤ ከዓሣና ከፍራፍሬ በቀር አብዛኛው ነገር በመርከብ ይገባል። መገበያያው የሲሼልስ ሩፒ ነው። ወጪ የሚያቀለው ማብሰያ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ይዞ፣ በአውቶቡስ እየሄዱ፣ ምሳን የአገሬው ሰው ከሚሰለፍባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች በዕቃ መውሰድ ነው፦ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የዓሣ ወይም የኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) ካሪ፣ ማለትም ቅመም የበዛበት ወጥ፣ ለጾመኛም ምስር አይጠፋም። አውቶቡሱ ግን ትልቅ ሻንጣ አይጭንም። የቪክቶሪያ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ይደምቃል፤ እሑድ ከተማው ጭር ስለሚል አስቤዛ በዋዜማው ይገዛ።

ፕራላን ላይ ያለው የቫሌ ደ ሜ ጫካ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው እዚያና ጎረቤቱ ኩሪዩዝ ደሴት ላይ ብቻ ነው። ዘሩ በዓለም ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ 25 ኪሎ የሚደርስ አለ። መግዛት ይቻላል፣ ግን የምስክር ወረቀት የሌለው ከአገር አይወጣም። ለገበያ የሚቀርበው ውስጡ የተፈለፈለ ስለሆነ ክብደቱ ቀለል ይላል፤ ሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው።