የገና ሰሞን በአዲስ አበባ ዳርቻ የካቶሊክ ቁምስናዎች

በአዲስ አበባ ዳርቻና ከከተማዋ ጋር በተያያዙት የሸገር ከተማ ሰፈሮች ያሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት) ምእመን ከየአቅጣጫው የተሰባሰበ ነው። ከጉራጌ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ፣ ከዓዲግራትና ከኢሮብ የመጣው በአንድ ግቢ ይገናኛል። ከደቡብ የመጣው አብዛኛው በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮማውያኑ የቅዳሴ ወግ፣ ያደገ ሲሆን የሰሜኑና ከጉራጌው እምድብር የመጣው ግን ግዕዙን ከልጅነቱ ያውቀዋል። በ1953 ዓ.ም. ወደ ሜትሮፖሊታንነት ያደገው የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የግዕዝ ሥርዓትን ስለሚከተል ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ ይሄዳል። ኦሮምኛ ተናጋሪ በሚበዛበት ሰፈር ምንባቡ በአፋን ኦሮሞም ይደገማል።

በዓሉ የሚከበረው እንደ ኦርቶዶክሱ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 የሆነው ይኸው ነው፤ በ2020ም ይሆናል። ታኅሣሥ 16 አካባቢ የሚውለውን የአውሮፓውያን ገና የሚያከብሩት በአመዛኙ የውጭ አገር ሚስዮናውያንና እንግዶች ናቸው። የቀኑ አንድ መሆን ተራ ነገር አይደለም። በነዚህ ሰፈሮች ባል ካቶሊክ ሚስት ኦርቶዶክስ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው፤ ጾሙ በአንድ ቀን ይፈታል፣ ዶሮውም አንዴ ይሠራል።

ሦስቱ እሑዶች

ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች በግዕዝ ሥርዓት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ባለው እሑድ ይውላሉ። ልምድ ያላቸው የቁምስና ምክር ቤቶች ሥራቸውን በነዚሁ እሑዶች ይከፋፍላሉ፤ እስከ ኖላዊ ያላለቀ ነገር ከዚያ በኋላ ያልቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ንስሐ ነው። አንድ ቁምስና በአብዛኛው ያለው አንድ ቆሞስ (የቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን) ወይም ሁለት ካህናት ነው። አንድ ሰው 5 ደቂቃ ቢወስድ በሰዓት 12 ሰው ይስተናገዳል፤ 150 ሰው ዋዜማው ላይ ቢሰለፍ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከብርሃን እሑድ ጀምሮ በየሰፈሩ ተራ ይወጣል፤ ኖላዊ ላይ ደግሞ ከአጎራባች ቁምስና ወይም ከገዳም እንግዳ ካህን ይለመናል። እንግዳ ካህን ሌላም ጥቅም አለው፦ ቆሞሱን በየቀኑ የሚያገኙት ሰዎች ለማያውቁት አባት መናዘዝ ይቀላቸዋል።

የእርዳታው ዝርዝርም በስብከት እሑድ መጀመር አለበት። ስም የሚያመጡት በየሰፈሩ ያሉት የጸሎት ማኅበራት ናቸው፤ ማን አልጋ ላይ እንዳለ፣ የማን የቤት ኪራይ እንዳለፈ ከሲስተሮቹ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ለአንድ ቤት ብዙ ጊዜ 5 ሊትር ዘይት፣ 10 ኪሎ ዱቄትና 3 ኪሎ ሽንኩርት ይታሰባል፤ በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ዘይቱ ነው። እስከ ታኅሣሥ 25 መድረስ አለበት፣ ምክንያቱም ሰው የሚያበስለው ዋዜማው ላይ ነው። በበር ላይ አሰልፎ ማደሉ ለአዳዩ ይቀላል፣ ለተቀባዩ ግን ጎረቤት ፊት መቆም ነው፤ በጆንያ ቋጥሮ በምሽት ቤቱ ማድረሱ ይሻላል። የታመሙ ሰዎች ቅዱስ ቁርባን እንዲደርሳቸውም ያው ዝርዝር ያገለግላል።

ግርግሙ

ግርግም፣ ማለትም ጌታ የተወለደበትን በረት በምስሎች፣ መሥራት ከላቲኖቹ የመጣ ልማድ ነው፤ መነሻው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ1223 እ.ኤ.አ. ግሬቾ በተባለች የጣሊያን መንደር ያዘጋጀው የልደት ትዕይንት እንደሆነ ይነገራል። በዳርቻው ቁምስናዎች የወጣቶች ሥራ ነው። ከመንበረ ታቦቱ ጎን፣ መጋረጃውንና የካህናቱን መተላለፊያ በማይዘጋ ቦታ፣ በባሕር ዛፍ አጠና ወይም በቀርከሃ አጽም ይቆማል። ዋሻው የሚሠራው ጆንያ በቀጭን ጀሶ ነክሮ አጽሙ ላይ በመጣል ነው፤ ሦስት ቀን ይደርቃል፣ ከዚያ በቡናማና በግራጫ ቀለም ይዳሰሳል። ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ በሳምንቱ ይላጣል። ለመደብ የጤፍ ጭድ ይነጠፋል። አረንጓዴ እንዲመስል የድንጋይ ሽበት የሚያመጡ አሉ፤ የታኅሣሥ አየር ደረቅ ስለሆነ ማታ ማታ ውኃ ካልተረጨ ገና ሳይደርስ ይጠወልጋል።

ጭድ ባለበት ጧፍ አይቀርብም። ምእመኑ ግን ተሳልሞ ጧፉን እዚያው መትከል ይወዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ አሸዋ የሞላ ትሪ ማስቀመጥ ከ«ጧፍ አታስጠጉ» ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራል። መብራቱ በቀላሉ የማይሞቅ ትንንሽ አምፖል ይሁን፤ በዋዜማው መብራት የመጥፋቱ ነገር ስለማይታመን በባትሪ የሚሠራ አንድ መብራት ከዋሻው ጀርባ ይሰወራል።

የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ ድረስ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። የሚያስቸግረው ሕፃኑ ሳይሆን የቁምሳጥኑ ቁልፍ ነው፤ ሕዝቡ በዝማሬ ላይ እያለ ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጥ ዲያቆን የማታይ ቁምስና ጥቂት ናት። ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ሰብአ ሰገል ናቸው። በላቲን ሥርዓት የእነርሱ መምጣት ከልደት በኋላ ለብቻው ይከበራልና በዚያ ልማድ ያደጉት ወደ ኋላ ያስቀሯቸዋል። በግዕዝ ሥርዓት ግን የገና ወንጌል ራሱ ማቴዎስ 2 ነው፤ ሰብአ ሰገል በዚያው ሌሊት ይደርሳሉ፣ ጥር 11 ደግሞ የጌታ ጥምቀት ነው። ምንባቡ ሲነበብ ግርግሙ ውስጥ ባይኖሩ ልጆቹ ቀድመው ይጠይቃሉ።

ዋዜማ

መሀል ከተማ ማታ ሦስትና አራት ሰዓት የሚጀመር ቅዳሴ ዳርቻው ላይ አያዋጣም። ታክሲ ቶሎ ይቀራል፣ ባጃጅ በሌሊት ዋጋው ይጨምራል። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ተኩል ላይ ተጀምሮ እስከ አራት የሚያልቅ ቅዳሴ አረጋውያንንና ልጅ ያዘሉ እናቶችን ይይዛል። ብርዱም ይቆጠራል፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ጋቢ ያልያዘ እንግዳ በአንድ ዓይን ይለያል።

መዘምራኑ ሁለት ናቸው፦ ከበሮና ጸናጽል የያዙት፣ ኦርጋን የያዙት። ኦርጋኑ ድምፁ የቆመ ነው፣ መሪው ግን «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት»ን ጉሮሮው በመጣለት ከፍታ ያነሣዋል፤ ኦርጋኒስቱ ሊከተለው ሲሞክር ሁለቱም ይበላሻሉ። የሚሻለው ኦርጋኑ ቀድሞ አንድ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ማለቱ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሻይና ድፎ ዳቦ ይቀርባል። ከሦስት ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ አርባ ሰው ያህል ያቀምሳል። በታኅሣሥ ብርድ ሊጡ ስለሚዘገይ ለብ ባለ ውኃ ተቦክቶ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ቸኩሎ እሳት ማብዛት ኮባውን አሳርሮ ልቡን ጥሬ ያስቀራል።

ቅርጫው

ቅርጫ የሚታረደው ገና ጠዋት ነው፤ በዋዜማው ሲዘምር ያመሸ ሰው ለዚህ አይሆንም፣ አስተባባሪው ለጠዋቱ ቅዳሴ ከሚመጡት ይመረጥ። ዋናው ችግር ስሙን አስመዝግቦ በመጨረሻው ቀን የሚቀር ሰው ነው፤ ለ12 ሰው የታሰበው በሬ ለ10 ሲቀር ድርሻው በአንድ አምስተኛ ይወደዳል። ስለዚህ ግማሹ ክፍያ በኖላዊ ይሰበሰባል። ሥጋው ከጉበቱም ከጨጓራውም በመደብ ይደለደላል፤ እያንዳንዱ አንድ ነገር፣ ቁልፍ ወይም ሳንቲም፣ ያዋጣል፣ ማን ምን እንዳዋጣ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ የተከፋፈለ ቅርጫ ላይ ቅሬታ አይነሣም። ቆዳ የሚገዛ ስለጠፋ ጉድጓድ ቀድሞ መቆፈር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በማግስቱ መንገድ ዳር ይሸታል።

የገና ጨዋታ፣ ማለት ሩሩና ዱላው፣ ሜዳው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ እየቀረ ነው። በግቢው የሚታየው እግር ኳስና መረብ ኳስ ነው።

ጉራጌው ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄደው በመስቀል ስለሆነ በገና ከተማው ውስጥ ይገኛል፤ የጥር 6ቱ ግዝረትና ጥር 11 በግቢው የሚደረገው የውኃ ቡራኬ ሰው የሚሞላቸው በዚህም ምክንያት ነው። ከቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ በኋላ ግርግሙ ይፈርሳል። ጭዱ ከብት ላለው ጎረቤት ይሰጣል፣ ምስሎቹ አንድ አንድ እየተቆጠሩ በጋዜጣ ይጠቀለላሉ፤ ጆሮው የተሰበረ በግ ካለ በካርቶኑ ላይ ይጻፋል፣ ቁልፉም ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ በፊርማ ይመለሳል።