ገላጋዮቹ ሕዋሳት፦ ሰውነት ራሱን ሲያጠቃና የተተከለ አካል ሲገፋ

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ መሀል የሚገባ አይጠፋም። ገላጋይ ይባላል። የማንንም ወገን ሳይዝ የተነሳውን እጅ ይይዛል። በደማችን ውስጥም ይህን የሚሠሩ ነጭ ሕዋሳት አሉ። በሳይንሱ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት፣ ባጭሩ ቲሬግ ይባላሉ። እኔ ገላጋይ ማለት ይቀናኛል። እነሱን ከታማሚው ደም ለይቶ፣ አባዝቶ መልሶ መስጠት አሁን በዓለም ላይ በስፋት እየተሞከረ ያለ ሕክምና ነው።

ሲዲ 4 የሚለውን ቃል ኤችአይቪ አገራችንን ካስጨነቀበት ዘመን ጀምሮ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ገላጋዮቹ ከዚሁ የሲዲ 4 ቤተሰብ ናቸው። በደም ውስጥ ካሉት የሲዲ 4 ሕዋሳት ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው።

ቲ ሕዋሳት፣ ማለትም በሽታን የሚዋጉት ነጭ ሕዋሳት፣ የሚሠለጥኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ነው። የገዛ አካልን እንደ ጠላት የሚያዩት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ። የሚያመልጡ ግን አሉ። ገላጋዮቹ የሚይዙት እነዚህን ነው። ተዋጊዎቹ ለመባዛት የሚፈልጉትን ኢንተርሊውኪን 2 የተባለ ንጥረ ነገር ይሻሟቸዋል። ቁጣ የሚያበርዱ ሌሎች ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫሉ።

ይህን ማወቅ ቀላል አልነበረም። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ገላጋዮቹን ለይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ሕዋስ መኖሩን አያምኑም ነበር። በ2001 ሜሪ ብራንኮው እና ፍሬድ ራምስዴል በታመሙ አይጦች ላይ የተበላሸ ዘረመል አገኙ፤ ፎክስፒ3 ተባለ። ይኸው ዘረመል ሲበላሽ ወንድ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው በስኳር፣ በከባድ ተቅማጥና በቆዳ ቁስል ይታመማሉ። ለካ ገላጋዮቹን የሚሠራው እሱ ኖሯል። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ2025 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ገላጋይ ሲያንስ ወይም ሲደክም ምን ይሆናል? ዓይነት 1 ስኳርን እንይ። የልጁ የራሱ ቲ ሕዋሳት በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ይፈጃሉ። ከዚያ ወዲያ ኑሮው በመርፌ ነው። መብራት በሌለበት የጎጃም ገጠር እናት ኢንሱሊኑ ሙቀት እንዳያበላሸው በሸክላ ዕቃ ታቀዘቅዘዋለች፣ ለክትትል ደግሞ ልጇን ይዛ እስከ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ትሄዳለች። ይህ ድካም በቁጥር አይገለጽም። ሉፐስና መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባሉት በሽታዎችም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው፣ ከዚሁ ወገን ናቸው።

የተተከለ ኩላሊት ነገር ትንሽ ይለያል። እዚህ ሰውነት አልተሳሳተም፤ በእርግጥም ባዕድ ገብቷል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ለጎጃም ሰው ይህ ማለት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ መሄድ ነው። የተተከለው እንዳይገፋ ታክሮሊመስን የመሰሉ መድኃኒቶች ዕድሜ ልክ ይዋጣሉ። መድኃኒቶቹ ግን ጥፋተኛውንም ንጹሑንም አንድ ላይ ነው የሚያስሩት። ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር መከላከያን እንዲህ ማድከም ቀላል ነገር አይደለም። ታክሮሊመስ ራሱ ከጊዜ ብዛት ኩላሊትን ይጎዳል። ገላጋዮቹ ተስፋ የሚጣልባቸው ለዚህ ነው፤ ጠቡ ያለበትን ቦታ ብቻ ያበርዳሉ ተብሎ ይታሰባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታማሚው ደም ይወሰዳል። ገላጋዮቹ ይለያሉ። እጅግ ንጹሕ በሆነ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ይባዛሉ። ከዚያ በደም ሥር ይመለሳሉ። በሰው ላይ መጀመሪያ መሞከሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ከፖላንድ፣ ከግዳንስክ ነው። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ዓይነት 1 ስኳር ላለባቸው 14 አዋቂዎች ተሰጥቶ ጉዳት አላደረሰም፤ ከሕዋሳቱ ጥቂቶቹ ከዓመት በኋላም ደማቸው ውስጥ ተገኝተዋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የጃፓኑ ነው። ሆካይዶ ላይ ጉበት ተተክሎላቸው ሕዋሳቱ ከተሰጧቸው 10 ሰዎች 7ቱ መድኃኒት እስከ ማቆም ደረሱ። ሦስቱ ላይ ግን ሰውነታቸው ጉበቱን መግፋት ስለ ጀመረ ወደ መድኃኒታቸው ተመለሱ። አሁን ደግሞ ሕዋሳቱን በዘረመል አስተካክሎ የተተከለውን አካል ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ ተጀምሯል።

እንቅፋቱም ብዙ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራው ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ውድ ነው። ገላጋዩ ራሱ ተገልብጦ ተዋጊ ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ከበረታም ካንሰርና ተላላፊ በሽታ ቀዳዳ ያገኛሉ። ሕክምናው በጎጃም ሆስፒታሎች የለም። ኢንሱሊንህን ወይም የንቅለ ተከላ መድኃኒትህን ጣል፣ በሕዋስ አድንሃለሁ የሚል ቢመጣ አትስሙት። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም የተተከለውን ኩላሊት ያሳጣል፤ ኢንሱሊን ማቆም ደግሞ ሕይወትን።

ጣና ዳር ላሉ ልጆች ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ውስጥ ሲዋኙ የሚይዛቸው ቢልሃርዝያ፣ እንደ ሌሎች የትል ዓይነቶች ሁሉ፣ በሰውነት ውስጥ ረጅም ዘመን የሚኖረው በከፊል ገላጋዮቹን ለራሱ ጥቅም ስለሚያነሳሳ ነው። መከላከያው ይበርድለታል፣ እሱም ይቀመጣል። ትሉ ጉበትን ስለሚጎዳ መታከሙ የግድ ነው። ተመራማሪዎች ግን ዘዴውን ከትሉ እየተማሩ ነው። ከአንድ የአይጥ የአንጀት ትል ውስጥ ተራ ቲ ሕዋስን ወደ ገላጋይነት የሚለውጥ ፕሮቲን ለይተው አውጥተዋል።